ግመል የበጠሰው መሥመር

ቤቴ የገባው የኢንተርኔት መሥመር ለሁለት ነገር ይጠቅም ነበር። አንደኛው፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ አርብ አርብ ፊቴን እንድታይበት። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤቴ እኔን በነጻ እንዲጋልብበት። ለመጀመሪያው ብላ መሥመሩን ያስገባችልኝ ልጄ ናት። ሁለተኛውን ማን ፈቀደ ብባል የማሳብብበት ሰው የለኝም፤ «ችግር የለም» ማለት የማይሰለቸው የገዛ ምላሴ ነው።

ጊዜው የስልክ ዳታ ከአገሩ የጠፋበት ነበር። ከሚሴ ላይ ስልክ ይደወላል፣ ይነሣል፣ «ሃሎ» ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የሚሠራው ሽቦ በገባለት ቤት ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሽቦ የገባለት ቤት የእኔ ብቻ ነበር። የይለፍ ቃሉን ለአንዲት ጎረቤቴ በምስጢር ሰጠኋት። በሳምንቱ ከአሱር ሶላት በኋላ አጥሬ ሥር ተደርድሮ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሰው ብዛት፣ አንድ መንገደኛ ለቅሶ ቤት መስሎት ገብቶ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎኝ እስኪሄድ ድረስ ደረሰ። ለዓመታት ሰላምታ የነፈጉኝ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ከመንገድ ማዶ እጃቸውን እያወዛወዙ «ነጋ ኦልተኒ? ደህና ዋልሽ? ልጅቷስ? ከብቱስ?» ይሉኝ ጀመር። ከብት የለኝም።

የምሠራው ከቤቴ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ባለው የማሾ መጋዘን ነው። ገበሬው ከጨፋ ሸለቆ ያመጣው ማሾ እዚያ ይገባል፣ ይነፋል፤ ከዚያ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጠጠሩንና የጠቆረውን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። የጠራው በከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። የገባውን እጽፋለሁ፣ የወጣውን እጽፋለሁ፣ ጠዋት ሴቶቹን አስፈርማለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባድ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነው። «ማዘር» ይለኛል። የወለድኳት ልጅ «እማ» ትለኛለች፣ ያልወለድኩት ይህ ሰው ማዘር ያደርገኛል። በመጣ ሰሞን ተሰብሰቡ አለንና አንድ ሕግ ነገረን፦ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ነገር ሁሉ በጽሑፍ፣ በስርዓት፣ በኢንተርኔት ይሆናል። «በስልክ የተባለ እንዳልተባለ ነው» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ። ንግግሩን ስለወደደው ሦስት ጊዜ ደገመው።

ይዞት የመጣው ሌላው ነገር «የድርጅታችን እሴቶች» የሚል የበር ቁመት ያለው ወረቀት ነበር። የበር ቁመት ያልኩት ለአባባል አይደለም። የሚለጥፍበት ሰሌዳ ቢያጣ የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት በር በጥበቃው አስነቀለ፣ ነጭ ቀለም አስቀባና ወረቀቱን ለጥፎ መጋዘኑ መግቢያ ላይ አቆመው። ከላይ በትልቁ «ግልጽነት» ይላል። ሥሩ «መከባበር» ይላል። ከዚያ በታች ያለውን አንብቤ አላውቅም፤ እነዚህ ሁለቱ በቅተውኛል። መጸዳጃ ቤቱ የማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ተደረገለት። ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከረጢቱ ይነሣል፣ ውስጥ ያለችው ሴት በአንድ እጇ ልብሷን በአንድ እጇ ከረጢቱን ይዛ አላህ ያውቃል እንዴት እንደምትወጣው። እኛ ውሃ መጠጣት መፍራት ጀመርን።

ስለ በሩ አፏን ከፍታ የተናገረችው አንዲት ለቃሚ ብቻ ናት። በጠረጴዛው ጫፍ፣ ከእኔ ዴስክ ትይዩ ነው የምትቀመጠው። መጋዘኑ ሲከፈት የገባች ናት፤ ሦስት ልጆች ያለ አባት የምታሳድግባት ሥራ ይህችው ናት፤ ሌላ የላትም። ብዙ አትናገርም። ጣቷ ግን ከዓይኔ ይፈጥናል፤ የጠቆረውን ፍሬ እኔ ሳላየው እሷ ጥላዋለች። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ በጠረጴዛው ሲያልፍ ቀና ብላ፣ «ጌታው፣ በሩን መልሱልን። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ግድግዳ ሞልቷል» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«አስተያየትሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አላት።

መጻፍ እንደማትችል ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት በአውራ ጣቷ ስትፈርም ያያታል። እኔ ጻፍኩላት። ሁለት መስመር ነበረች። አሻራዋን አኖረችበትና ሰጠችው። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ስለ በሩም ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም።

አሁን ወደ መሥመሩ ልመለስ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ የሰዓት መቆጣጠሪያ አመጣ። ጠዋት ሁሉም የፈረመበት ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት በኢንተርኔት መላክ አለበት። ካልተላከ ስርዓቱ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሠራተኛውን በሙሉ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ያሰበው ሰው በሕይወቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። የመጋዘኑን መሥመር አይጥ ከበላው ቆይቷል፤ ያስጠገነው የለም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ዴስኬ መጣና «ማዘር፣ ለጊዜው ከቤትዎ ይላኩልን» አለ። «ችግር የለም» አልኩ። ያ ለጊዜው ከመንፈቅ በላይ ሆነ። በየጠዋቱ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ አስፋልቱን ተሻግሬ ቤቴ እሮጣለሁ፣ ልኬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት ሳተኝ። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ሆኖ «ማዘር፣ ደረሰ?» ነው ያለኝ። እኔን ሳይሆን ፎቶውን ነበር የጠየቀው።

ማሽላ የሚታጨድበት ሰሞን ነው ጉዱ የመጣው። ከጨፋ ሮቢት በኩል አገዳ የጫነ ግመል በጓሯችን መንገድ አለፈ። ሽቦውን የዘረጉት ሰዎች ለሰው ቁመት ነበር ያሰቡት፤ አገዳ የተቆለለበት ግመል ስንት እንደሚደርስ የከሚሴ ሕፃን ያውቃል፣ እነሱ ግን አላወቁም። ቤት ውስጥ ሆኜ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ሽቦዬ በግመሉ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እየተጎተተ ነው። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ባለግመሉ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ መጣብኝ።

«ግመሌን ምን አደረጋችሁት? አንገቱን እኮ ገዘገዛችሁት! ለሰው መንገድ ላይ ወጥመድ ይዘረጋል?»

የጠፋው የእኔ መሥመር፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ ሆንኩ። የግመሉን አንገት ቅቤ ቀብቼ ሸኘሁት።

ወደ ጥገና ስልክ ደወልኩ። ብዙ ዘፈን ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ አነሣ።

«ሞደሙን አጥፍተው ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ያብሩት እናቴ።»

«ልጄ፣ ሽቦው መሬት ላይ ነው። ግመል በጥሶታል።»

«ገብቶኛል። ቀይ መብራት ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ሽቦውም ይታየኛል። እጄ ላይ ነው ያለው።»

«እሺ እናቴ፣ አሁን ሞደሙን ያጥፉትና...»

አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሞኝነቴ ነው። ቀዩ መብራት እንዳፈጠጠ ቀረ። የሰፈሩን መሥመር የሚጠግነው ሰው ደግሞ በየቀኑ ለምሳ በደጄ ያልፋል፤ ቆም ብሎ ምሰሶውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሄዳል። «ትእዛዝ አልመጣልኝም እትዬ» ይለኛል። ትእዛዙ በምን እንደሚመጣ ብጠይቀው በኢንተርኔት ነው አለኝ። ኢንተርኔት አለህ ወይ አልኩት። «እሱማ የለም» አለ፣ ሳያፍር።

አጥሬ ሥር የሚቀመጠው ሕዝብ በሦስተኛው ቀን ተበተነ። ሰላምታውም አብሮ ተበተነ። የጎረቤቴ ባል እንዲያውም «በቸልታ ነው ያስቆረጠችው» ብሎ እንዳማኝ ሰማሁ።

መጋዘን ውስጥ ወረቀቱን እያስፈረምኩ፣ በልማድ ፎቶውን እያነሣሁ ሰነበትኩ። የሚላክበት የለም። ሥራ አስኪያጁ «ችግር የለም ማዘር፣ ወረቀቱ አለን» እያለ ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ይከታል። ስርዓቱ በበኩሉ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ሁላችንንም በየቀኑ ቀሪ እያለ ይጽፋል። ማሾ ሊጭን የመጣው ሾፌር ስርዓቱ የጻፈውን የቀሪዎች ዝርዝር በፖስታ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ማን እንደተገኘ ማን እንደቀረ ሥራ አስኪያጁ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ታዟል። ቁጭ ብሎ ሁላችንንም «ተገኝቷል» እያለ አረመ። አንዷን ብቻ ዘለላት።

የስንብት ደብዳቤውን ያነበበላት በሥራ ሰዓት፣ በጠረጴዛው ፊት ቆሞ ነው። ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ በተደጋጋሚ ስለቀረች ይላል። ጣቷ ማሾው ላይ እንዳለ ቆመ።

«የትኞቹ ቀኖች ናቸው ጌታው?» አለችው።

ቀኖቹን አነበበላት።

«በእነዚያ ቀኖች እኮ ‹ደህና አደርሽ› ብለውኝ ነበር።»

ደብዳቤውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ተነሥታ ጉርዷን አራገፈች፣ የተቀመጠችበትን ሣጥን ከጠረጴዛው ሥር ገፍታ ወጣች። ስትወጣ በዚያ በር አጠገብ አለፈች፣ በዚያ ግልጽነት በሚለው። ተናደድኩ ማለት ያንሳል። በእሱ ብቻም አይደለም። የእሱ ተንኮል የገባው በእኔ ቤት በኩል ነው፤ «ችግር የለም» ባልል ኖሮ የሴትዮዋ እንጀራ በእኔ ሽቦ ላይ አይንጠለጠልም ነበር።

በማግስቱ ይዣት የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው በጥሞና ሰማን፤ ሲሰማ ያምራል። ማስረጃ ጠየቀ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን፣ በየቀኑ ያኖረችውን ሰማያዊ አሻራ አሳየሁት። እጁን ሰበሰበ።

«በስልክ አልቀበልም እናቴ። በኢሜይል ይላኩልኝ።»

«እዚሁ ፊትህ ነኝ እኮ። እየው።»

«አሠራር አለው።»

«እሺ፣ ልላከው እንበል። ቢሮህ ኢንተርኔት አለው?»

«ለጊዜው የለም።»

«ታዲያ በምን ታየዋለህ?»

«ሲመጣ አየዋለሁ።»

ያም ሆኖ ፋይል ከፈተ፣ ለሥራ አስኪያጁም መጥሪያ ጻፈ። መጥሪያው ሲደርሰው ፊቱ ተለወጠ። ክሱን አይደለም የፈራው፤ የበሩ ወሬ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዳይደርስ ነው። ሲጨነቅ ያየው ጥበቃው፣ ደግ ሰው ነው፣ መውጫውን ነገረው። በእኛ አገር ነገር በቢሮ አይዘጋም፣ በዱዓ ነው የሚዘጋው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ እጁን ዘርግቶ አሚን ያለ ሰው ነገሩን መልሶ አያነሣም። ቢያነሣ ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በነጻ የሚገኝ ማኅተም መሰለው።

ሐሙስ ከዙሁር በፊት መጋዘኑ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። አንድ ክብር ያላቸው ሽማግሌ ሸህ ከላይ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ጫት አስመጥቷል፣ ጫማውን አውልቋል፣ እግሩን አጥፎ መቀመጥ አቅቶት ይቁነጠነጣል። ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና «ማዘር፣ ፎቶ ያንሡን፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሰላም ማስረጃ ይሆናል» አለኝ። ለቃሚዋን ጥበቃው ከቤቷ አምጥቷት በሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። እሷም እኔም፣ ሁለታችንም ነገራችንን የምንናገርበት ሰዓት የሚመጣ መስሎን እንጠብቃለን። ሸሁ ግን ጆሯቸው ላይ የተነገራቸውን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ የተጣላውን አስታርቅ።»

«አሚን!»

«ያ ረቢ፣ ነጋ ኑፍ ኬኒ። ሰላሙን ስጠን።»

«አሚን!»

«ክሱንም ቂሙንም ከመካከላቸው አንሣው።»

«አሚን!»

አልኩ። በዚያ በረገምኩት ምላሴ አሚን አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጅ ሲዘረጋ እዘረጋለሁ፣ ዱዓ ሲደረግ አሚን እላለሁ፤ የምሰማውን ሳላጣራ ነው አፌ የሚቀድመኝ። ፊቴን በእጄ ዳብሼ ቀና ስል ለቃሚዋም ፊቷን እየዳበሰች ነው። ክሱ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ እግሩን ዘርግቶ «በቃ፣ ታረቅን!» ብሎ ሊነሣ ተንጠራራ። በዕድሜዬ የሳቀብኝን ሰው ሁሉ ይቅር ብያለሁ፤ የዚያን ቀን ራሴን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ።

«ሸህዬ» አለች ለቃሚዋ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምጿ። «ሐጃ አለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን አያውቅም። ዱዓ በተቀመጡበት ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ያለው ሰው ሐጃዬ ይህ ነው ብሎ ይናገራል። አንዱ የታመመ ልጅ አለው፣ አንዱ ሰንበቴ ገበያ ላይ የጠፋች ላም አለችው። ሸሁ ዱዓ ያደርጉለታል፣ ተቀማጩ ሁሉ አሚን ይለዋል። ሐጃ አይከለከልም።

«ተናገሪ የእኔ ልጅ፣ አብሽሪ» አሏት።

«ነገ ጠዋት በቦታዬ ተቀምጬ ማሾዬን እንድለቅም ነው ሐጃዬ። ያ ቆሞ የሚታየው የመጸዳጃ ቤታችን በር ነው። እሱም ወደ ቦታው እንዲመለስልን ነው።»

ሸሁ በሩን አዩት። ላዩ ላይ የተጻፈውንም አነበቡት መሰለኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዳግመኛ ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ ይህችን ሴት ነገ ጠዋት በቦታዋ አስቀምጥልን።»

«አሚን!» መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ።

«ያስነሣትን ሰው ልብ አራራው፣ በራሱ እጅ መልሳት።»

«አሚን!»

«የሴቶቹን ገመና ሸፍን፣ በሩን በቦታው መልስ። አሚን ያለውን ሁሉ በአሚኑ አጽናው።»

«አሚን!»

ከሁሉ ድምፅ የሥራ አስኪያጁ በልጦ ተሰማ። መሰነባበቻ መስሎት ነው፣ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው የጮኸው። አፉ ተከፍቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ ፎቶ አነሣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም።

በማግስቱ አርብ ነበር። ገና ከፈጅር ሶላት እንደተመለስኩ የመሥመር ጠጋኙ መሰላሉን ይዞ ደጄ ቆሟል። ትእዛዝ መጣልህ እንዴ ብለው አልመጣም አለኝ፤ እህቱ ሪያድ ልትዳር ነው፣ ሠርጓን በስልክ ሊያይ የሚችልበት መሥመር ቸግሮት ነው። ለራሱ ሲሆን ትእዛዝ አላስፈለገውም። ሽቦውን ከፍ አድርጎ አሰረ፣ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በራ። ልጄን ዛሬ አያታለሁ ብዬ እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ።

አስፋልቱን ስሻገር ለቃሚዋ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። ሣጥኗን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ ተቀምጣ ትለቅማለች። የፊርማው ወረቀት ላይ ስሟ ስለሌለ ከታች ባዶው ላይ አሻራዋን አኑራለች። ሥራ አስኪያጁ ገባና ቆመ።

«ማን አስገባት?»

«እርስዎ ነዎታ» አለው ጥበቃው። «ትናንት።»

«እኔ መቼ?»

«አሚን ሲሉ።»

«ያ እኮ ጸሎት ነው!»

«አዎ፣ ጸሎት ነው» አለ ጥበቃው፣ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ያልገባው መስሎ።

«በል አሁን አስወጣት።»

«እኔም አሚን ብያለሁ ጌታው። እጄ አይነሣም።»

በዚህ መሀል አንድ ነገር ጎደለብኝ። ቀኑን ሙሉ የማይቋረጠው የማሾ ኳኳታ ቆሟል። ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ሥራ አስኪያጁን ላብ ላብ አለው። ከዚያ እንደሱ ያለ ሰው ሁሉ የሚሸሸግበት ቦታ ገባ፤ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ስርዓቱ ነው» አለ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አልችልም።»

«ይደውሉላቸዋ» አለ ጥበቃው።

ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። በስልክ የተባለ እንዳልተባለ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ የነገረን እሱ ነው፣ ሁላችንም ሰምተናል። ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘር፣ ያ የጥገና ሰው ጠዋት ደጅዎ ቆሞ አይቼዋለሁ። መሥመሩ ተሠራ?»

ለቃሚዋ ቀና ብላ አላየችኝም። ጣቷ አንዲት የጠቆረች ፍሬ ላይ ቆሟል።

«መጣ፣ ምሰሶውን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሄደ» አልኩ።

«ወላሂ ይበሉ።»

«ለሽቦ አልምልም» አልኩት። ለሐሰት አልምልም ማለቴ እንደሆነ እሱ አያውቅም።

አቀረቀረ። ሰው ሁሉ እያየው መሄጃ ስላጣ፣ «እሺ፣ መሥመሩ እስኪመጣ ትቀመጥ። ዝርዝሩን በወረቀት ከመኪናው ጋር እልካለሁ» አለና ቢሮው ገባ። ኳኳታው ተመለሰ። ጥበቃው ከሰዓት በፊት በሩን ተሸክሞ ወስዶ ሰቀለው። ወረቀቱን ልላጠው ወይ ቢለው ተወው ተባለ። ስለዚህ ግልጽነት የሚለው እስከ ዛሬ ከውጭ በኩል እንደተለጠፈ ነው።

እኔ ግን ምሳ ሰዓት ቤቴ ገብቼ ሞደሙ ፊት ቆምኩ። መሥመሩ እስኪመጣ ትቀመጥ ነው ያለው። አረንጓዴው ብልጭ ብልጭ ይላል። ጎረቤቶቼ አንዴ ካወቁ ከአሱር በኋላ አጥሬ ሥር ይሰለፋሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ከመጋዘኑ በር ሆኖ ያያቸዋል። ያን ሁሉ ቀን የረገምኩትን ቀይ መብራት አስታወስኩ። ከዚያ ገመዱን በገዛ እጄ ነቀልኩት። ጠጋኙን ጠርቼ ተበላሽቷል አልኩት፤ ለሠርጉ ሌላ ሰፈር ፈልግ አልኩት። ሰደበኝ። እውነቱን ነው።

ለልጄ በስልክ ደወልኩላት። «እማ፣ ፊትሽን ካየሁ ስንት ጊዜዬ» አለችኝ። ጠጋኙ ትእዛዝ አልመጣለትም አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለሰው ብዬ ከልጄ ፊት የተሰወርኩ ጀግና ነኝ ማለት ሁሉ አያምረኝም፤ አፈርኩ፣ ናፈቅሁ፣ ተናደድኩ፣ ይኸው ነው። ብዙ አርቦች እንደዚያ አለፉ። በየጠዋቱ ሥራ አስኪያጁ «ማዘር፣ መሥመሩ መጣ?» ይለኛል፣ «አልመጣም» እላለሁ። ለምጄው ነበር፣ ውሸት ይህን ያህል ይቀለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በመጨረሻ ማሾ ጫኙ መኪና ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ የያዘው ፖስታ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት የወሩ ዝርዝር አለ። ስሟን በጣቴ ፈለግኩት። «ተገኝታለች» ይላል፣ በየቀኑ፣ እስከ ታች ድረስ። አዲስ አበባ ያለው ስርዓት ሴትዮዋን መልሶ አምኗታል ማለት ነው። ለእሷ በጆሮዋ ነገርኳት። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ለቀማዋን ቀጠለች።

ያ ዕለት ሐሙስ ነበር። ወደ ቤቴ በረርኩ፣ ሞደሙን ሰካሁት፣ ፊቱ ተቀመጥኩ። ቀይ። ወጥቼ ሽቦውን አየሁ፤ ከምሰሶው ተንጠልጥሏል። መቼ እንደሆነ፣ የማን ግመል እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ መሥመሩ ሞቷል ብዬ ያስወራሁት እኔ፣ ማን ይነግረኛል። ጥገና ስልክ ደወልኩ። አጥፍተው ያብሩት አሉኝ።

አርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ ዴስኬ አጠገብ ቆመ።

«ማዘር፣ መሥመሩ መጣ?»

«አልመጣም» አልኩት።

ከዚያ ሁሉ ቀን እውነቴን የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ እሱም ከዚያ ሁሉ ቀን ያላመነኝ ያን ቀን ነው። ፊቴን አተኩሮ አየኝ።

«ወላሂ ይበሉ።»

«ወላሂ አልመጣም!» አልኩ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ። የልጄ ፊት ነበር ዓይኔ ላይ የመጣብኝ። ልጁ ደነገጠ። ለሽቦ የሚያለቅስ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ «አይዞዎት ማዘር» ብሎ ቢሮው ገባ።

ለቃሚዋ ሁሉን እያየች ነበር። ተነሥታ ጉርዷን አራገፈች፣ በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን በእጇ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ወደ ጓሮው መጸዳጃ ቤት ሄደች። በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ፣ ከዚያም መቀርቀሪያው ከውስጥ ገባ።